የወረደው ሰሌዳ

ምልክት ማለት በቦታው የሌለን ነገር ወክሎ የሚቆም ነገር ነው። በሬው መስክ ላይ ሣር ሲግጥ ለሚያይ ሰው ምልክት አያሻውም፤ ታርዶ ሥጋው ሲሰቀል ግን ስለ በሬው የሚናገር ያስፈልጋል።

መምህር ልሳነወርቅ ይህን ያሉት አስካለ የምትባል እናት ለጠየቀቻቸው ጥያቄ ነው። ልጇ ከሕመም እያገገመ ነበርና፣ «መምህር፣ ሥጋው ላይ የሚለጥፉት ‹ተፈጥሯዊ› የሚል ጽሑፍ ይታመናል ወይስ ዝም ብሎ ወረቀት ነው?» አለቻቸው። እንዲህ ብለው መለሱላት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ራሱ አድልቦ ራሱ የሚሸጥ ባለ ሥጋ ቤት። በሬዎቹን ከሣርና ከድርቆሽ ሌላ አያበላቸውም፤ ስለዚህ ከሌላው ሰው በሬ ዘግይተው ይደልባሉ። ልፋቱ እንዲታወቅለት «ሣር ብቻ የበላ» የሚል ሰሌዳ በሩ ላይ ሰቀለ። ብዙም ሳይቆይ የመንገዱ ሥጋ ቤቶች ሁሉ ያንኑ ሰቀሉ። ጎረቤቱማ «ሣር ብቻ፣ እጅግ በጣም» ብሎ አስጽፎ ዙሪያውን በመብራት አስከበበው።

አንዲት ደንበኛው ሰሌዳዎቹን ከዳር እስከ ዳር አነበበችና፣ «ኧረ ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ በሬ ሣር ከበላ አገሩ እንዴት መላጣ ሳይሆን ቀረ?» አለችው። ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። እውነቱ ግን ከውሸቱ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቶ ተሰቅሏል፤ ማን ይለየው? ደንበኛም እየራቀው ሄደ።

ፋሲካ ሲቃረብ ለበዓሉ ያዘጋጀው በሬ ታመመ። ሐኪም መርፌ ወጋው፤ እስኪያገግምም ፉርሽካ በላ። ዳነ፤ ሥጋውም ሰው እንደማይጎዳ ሐኪሙ አረጋገጠ። ሣር ብቻ የበላ በሬ ግን አልነበረም።

በዋዜማው ሰውየው መሰላል አምጥቶ ሰሌዳውን መንቀል ጀመረ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው!» አለች ሚስቱ። «አገሩ ሁለት ወር የጾመው ለነገ አይደል እንዴ? ደግሞስ ማን ያውቅብሃል?»

«ማንም አያውቅብኝም» አለና ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጠው።

ለመጣው ሁሉ፣ «የዛሬው ፉርሽካ ቀምሷል፤ መርፌም ተወግቷል» እያለ ተናገረ። ብዙው ሰው ወደ ጎረቤቱ መብራት ሄደ። ያቺ ቀልደኛ ደንበኛው ግን ባዶውን ሚስማር ቆማ አየችው። «እንግዲያው ሌላ ቀን የተሰቀለው እውነት ነበር ማለት ነው» አለችና ገዛች። ወሬውንም በበዓሉ ቤት ለቤት አዳረሰችው። ሌላ በሬ ታርዶ ሰሌዳው ሲመለስ ሰውም ተመለሰ።

መምህሩ ወደ አስካለ ዞር አሉ። «ያንቺም ወረቀት እንደዚያ ሰሌዳ ነው፣ ልጄ። የተለጠፈበትን ሥጋ ብቻ አትመልከቺ፤ ‹የማትለጥፉበት ቀን አለ ወይ?› ብለሽ ጠይቂ። የሚያነሣው ሰው ያለውን ወረቀት እመኚው። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ከምናስበውም ይበዛሉ።»

«ባለ መብራቱ ጎረቤትስ?»

«እሱም ብልሃቱ ገባኝ ብሎ ሰሌዳውን አወረደ። እስካሁን የሚሰቅልበት ቀን አላገኘም።»