እንኮዬ፣ ማሬ እና የአያ ሽብሩ አጃ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለታችሁ አይቀርም። እንግዲያው በረቱ ይኸው፤ ግቡ። የእትዬ ቀለሟ የወተት ላም ማሬ እዚህ ታስራለች። ከአጥሩ ማዶ የአያ ሽብሩ የስንዴ ማሳ ነው። ከበረቱ ጀርባ ትሁኔ ከልጇ ከእንኮዬ ጋር ትኖራለች።

እንኮዬ ታናሽ ተወልዶባት ጡት ተወች። ከዚያ ወዲህ ፊቷ ጠወለገ፣ ክንዷ ቀጠነ፣ እህል ሲያቀርቡላት አፏን ትዘጋለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወተት»።

ትሁኔ ኩባያዋን ይዛ ወደ ማሬ ሮጠች። እትዬ ቀለሟ ብታልብ ብታልብ ጠብ የሚል ጠፋ። ማሬ አንገቷን አዞረችና፣ ደረቅ ገለባ ጉሮሮዬን ፋቀኝ፣ እርጥብ አጃ ካልበላሁ አልሰጥም አለች። ማሬ ወተት አትሰጥም፣ እንኮዬም እህል አትቀምስም!

ትሁኔ አጥሩን ዘላ ወደ አያ ሽብሩ ሮጠች። እባክህ አጃ ዝራ ብትለው ሳቀባት።

«አንቺ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስናር ከስንዴዬ ውስጥ ስነቅል ኖሬ፣ ዛሬ የስናርን ወንድም በእጄ ልዝራ? አገር አይስቅብኝም?»

«ይሳቅ አያ። ልጄ እያለቀችብኝ ነው።»

አያ ሽብሩ ራሱን አከከ። ይሁን፣ የሚስቅም ይሳቅ፤ ግን መሬቱ ስንዴ ሲያበላኝ ኖሮ ደክሟል፣ ፍግ ካልበላ አጃም አያበቅል አለ። አያ ሽብሩ አጃ አይዘራም፣ ማሬ ወተት አትሰጥም፣ እንኮዬም እህል አትቀምስም!

ወደ ፍጉ ሮጠች። ፍጉ ተጠፍጥፎ፣ የበረቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ፀሐይ ይሞቃል። ማሳ ውረድልኝ ስትለው፣ አልወርድም፣ እኔ ኩበት ሆኜ ወደ ምድጃ ነው የምሄደው አለ። ፍግ ማሳ አይወርድም፣ አያ ሽብሩ አጃ አይዘራም፣ ማሬ ወተት አትሰጥም፣ እንኮዬም እህል አትቀምስም!

የማን ምድጃ ነው ብላ ጠየቀች። ጭሱን ተከተዪ አላት። ጭሱን እያየች በረቱን ዞረች፣ የጎመኑን መደብ ተሻገረች፣ በሩን ከፈተች። የራሷ ቤት ነው! የራሷ ምድጃ፣ የራሷ የሽሮ ድስት ተጥዶበት፣ ኩበቱን ቃም ቃም ያደርጋል።

«የልጄን ወተት የምትበላው አንተ ነህ?»

ምድጃው፣ ያጎረስሽኝ አንቺ፣ ሌላ የሚነድ ካላመጣሽ አልለቅም አላት። ምድጃ ኩበት አይለቅም፣ ፍግ ማሳ አይወርድም፣ አያ ሽብሩ አጃ አይዘራም፣ ማሬ ወተት አትሰጥም፣ እንኮዬም እህል አትቀምስም!

ትሁኔ እያለከለከች ከቤቷ በላይ ወዳለው ባሕር ዛፍ ሮጠች። እምቢታ ለምዳለችና ገና ከሩቁ መለመን ጀመረች፤ አደራህን፣ በሞቴ፣ አንተ እንኳ እምቢ አትበለኝ እያለች።

«ማን እምቢ አለሽ?» አላት ባሕር ዛፉ። «ቅጠሌን እየረገጥሽ አይደል እንዴ የመጣሽው?»

ቁልቁል አየች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቅጠል!

ከዚያማ ምን ያቆማታል! ቅጠሉን በነጠላዋ ሰብስባ በረረች። ምድጃው ቅጠል አገኘ፣ ኩበት ለቀቀ። ፍጉ በአህያ ተጭኖ ማሳ ወረደ። አያ ሽብሩ አጃ ዘራ። መንገደኛው ሁሉ፣ ሽብሩ አረጀ፣ ስናር ይዘራ ጀመር እያለ ሳቀ፤ እሱ በሬዎቹን «ና! ሳብ!» እያለ አለፈ። ዝናቡ መጣ። አጃው እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ! ትሁኔ ጣቷን አጥሚት ውስጥ እየነከረች፣ እያላሰቻት፣ እንኮዬን አዝላ በአጥሩ ቀዳዳ ታሳያታለች። እንኮዬ «ደረሰ?» ትላለች፤ ገና ነው ትባላለች። አንድ ጧት ሳያፈራ፣ እርጥብ እንዳለ ታጨደ። ማሬ እስከ ዓይኗ ገብታበት በላች። ጡቷ ተወጠረ። እትዬ ቀለሟ ተቀመጠች፤ ጥዝዝ፣ ጥዝዝ፣ ባልዲው አረፋ ለበሰ።

እንኮዬ ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘች። ጠጣች፣ ጠጣች፣ እስከ ጭላጩ ጠጣች። አፏ ዙሪያ ነጭ ሆኖ፣ ወደ እናቷ ቀና አለች።

«እማ፣ ራበኝ» አለች።

ተረቴ ታለበ፤ አረፋው ለሰሚው።