እግሯ አላርፍ ያላት ሚዳቋ

አንድ ጊዜ፣ የዱር አራዊትና የቤት እንስሳት በአንድ ሕግ በሚተዳደሩበት አገር፣ አያ አንበሶ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከፈተ። ሕግ የሚማር ነበረ፤ ሕክምና የሚማር ነበረ። ከሁሉ አዲሱ ግን የመዝናኛ አስተዳደርና የመስክ መሪነት የሚባለው ትምህርት ነበር። አንበሳ ይህን የጨመረው በሬዎቹ ከቀንበር፣ ንቦቹ ከቀፎ ሳይላቀቁ በድካም ብዛት እየታመሙ ስላሳሰቡት ነው። «ማረፍም ዕውቀት ይጠይቃል፤ ይዟቸው ወጥቶ፣ አጫውቶ፣ በደህና የሚመልሳቸው መሪ ያስፈልጋል» አለ።

ሚዳቋ ይህን እንደሰማች ሮጣ ተመዘገበች። መቀመጥ የማይሆንላት ፍጥረት ነበረች። ሕግ ጀምራ በመስኮት ዘላ ወጥታለች፤ ሕክምና ጀምራ በሽተኛው የሚያመውን ተናግሮ ሳይጨርስ ጥላው ሄዳለች። እናቷ ግን ተናደደች።

«ደግሞ ሽርሽር ምን ትምህርት አለው? እኛ ሜዳ ላይ ተወልደን ሜዳ ላይ አረጀን፤ ማን አስተማረን?»

«እማዬ፣ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ እግሬን ይበላኛል። ይሄ እኮ ውጪ ነው፤ ተራራ ነው!»

«እስቲ በዚህኛው ስትቆዪ አያለሁ» አለች እናቷ።

አብረዋት ከተመዘገቡት አንዱ ጅብ፣ አንዱ ቀበሮ ነበር። ጅብ የመጣው መስክ ለሚወጡ ተማሪዎች ስንቅ ይታደላል ሲባል ሰምቶ ነው። ቀበሮ ደግሞ አንደኛ የወጣ የአንበሳ ግቢ አዛዥ ይሆናል የሚል ወሬ ደርሶታል። መምህርቷ ያልወጡት ዳገት፣ ያልተሻገሩት ወንዝ የሌለ እመት አህያ ነበሩ። ጅብ ከተማሪዎቹ አንዱ ስለሆነ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ቆመው ያስተምሩ ነበር።

«ተራራ ላይ ሳላችሁ ጉም ቢሸፍናችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ አንድ ቀን።

«እሮጣለሁ!» አለች ሚዳቋ።

«ስንቁን እበላለሁ» አለ ጅብ።

«መምህርታችን ያሉትን አደርጋለሁ» አለ ቀበሮ።

እመት አህያ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። «ትቀመጣላችሁ። የያዛችኋቸውን አንድ ላይ ሰብስባችሁ እስኪገለጥ ድረስ ትቀመጣላችሁ» አሉ። ሚዳቋ ግን ያን ጊዜ ዓይኗም ልቧም ውጪ ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሦስቱ ተማሪዎች የበጎችን ጠቦቶች ይዘው ተራራው አናት ላይ ወዳለው ሜዳ ይወጣሉ፤ አጫውተው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመልሳሉ። መሪ ሆና የተመረጠችው ሚዳቋ ናት። እናት በጎች ጅብን እያዩ ፈራ ተባ ሲሉ አንበሳ፣ «እኔ ከተራራው ሥር ተቀምጬ አያለሁ። ጠቦት የነካ ከአገሬ ይባረራል» ብሎ አረጋጋቸው።

ሚዳቋ ፊት ፊት እየዘለለች፣ «ቶሎ በሉ! ቶሎ በሉ!» ትላለች። ጠቦቶቹ ያለከልካሉ። ጅብ የራሱን ስንቅ ገና የመጀመሪያው ዳገት ላይ ጨርሶ ነበርና አናቱ ላይ ሲደርሱ ሆዱ ይጮህ ጀመር። ትንሽም ሳይጫወቱ ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሜዳውን ዋጠው።

«ተቀመጡ» አለች ሚዳቋ። ራሷ ግን ወዲያ ትላለች፣ ወዲህ ትላለች፤ መሬቱ እንደ ረመጥ ያቃጥላት ይመስል አንዱን እግር አንሥታ ሌላውን ትጥላለች።

ቀበሮ ይህን አየ። መሪዋ ብትጠፋ አንደኛነቱ የእሱ ነው። ቀስ ብሎ ተጠጋና፣ «እህቴ፣ አንቺን የመሰለ ፈጣን እዚህ ምን ያስቀምጠዋል? ሮጠሽ መውረጃውን አግኝተሽ ተመለሺ። እኛ እንጠብቃቸዋለን» አላት።

ሌላ ቃል አልጠበቀችም፤ ተስፈንጥራ ሄደች። ጉሙ ውስጥ ስትሮጥ፣ ስትታጠፍ፣ ደግሞ ስትሮጥ ድንገት ከፊት እግሯ ሥር ድንጋይ ተንከባለለ። ድንጋዩ ሄደ፣ ሄደ፤ ሲያርፍ ግን አልተሰማም። ገደሉ አፋፍ ላይ ነበረች። ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ከወዲያ በኩል የጠቦት ለቅሶ ሰማች። ያን ጊዜ እነማንን ለማን ትታ እንደመጣች ገባት። ለቅሶውን እየተከተለች ተመለሰች።

ቀበሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭራውን ይልሳል። ጅብ ትንሹን ጠቦት ጆሮውን በአፉ ይዞታል።

«አያ ጅቦ! ምን እያደረግህ ነው?»

«እያሞቅኩት ነው» አለ ጅብ፣ ጆሮውን ሳይለቅ።

«አንበሳ ቢያይህስ?»

«ቀበሮ በዚህ ጉም ማንም አያይህም ብሎኛል።»

ሚዳቋ መሮጥ ትችላለች፤ ጠቦቶቹ ግን አይችሉም። እንደምንም ድምፅዋን አስተካክላ፣ «ድብብቆሽ እንጫወት። አንተ ፈላጊ ነህ። ያገኘኸውን ትበላለህ» አለችው።

ጅብ ጆሮውን ለቀቀ። «ሁሉንም ባገኝስ?»

«ሁሉንም። ግን ነጋ ሳንልህ ዓይንህን ከገለጥህ ምንም የለህም።»

ጅብ ተደፍቶ ዓይኑን ጨፈነ። ሚዳቋም ጠቦቶቹን ወደ ጉያዋ ሰብስባ፣ «ማንም እንዳይደበቅ፤ ከእኔም አትራቁ። ሲጠራ ብቻ መልሱለት» አለቻቸው።

«ኩኩሉ!» አለ ጅብ።

«አልነጋም!» አሉ ጠቦቶቹ።

ጉሙ አልገለጥ አለ። የሚዳቋ እግር ሂጂ፣ ሂጂ ይላታል። ጅማቷ ይሳባል፣ ቆዳዋ ይንቀጠቀጣል። እየደጋገመች ልትነሣ ትልና የትንሹ ጠቦት ገላ ሲንቀጠቀጥ ጎኗ ላይ ይሰማታል፤ ተመልሳ ትቀመጣለች።

ቀበሮ ቸኮለ። «አንተ ሞኝ፣ ዓይንህን ግለጥ! እያታለሉህ ነው!»

«ዝም በል፤ ጨዋታ አታፍርስብኝ! አልነጋም ሲሉ አትሰማም?» ብሎ ጮኸበት ጅብ።

በመጨረሻ ነፋስ ተነሣ። ጉሙ ተቀደደ። ከታች ሸለቆው ታየ፤ ተራራው ሥር የተቀመጠው አንበሳም ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ላይ ሲመለከት ታየ።

«ነጋ!» አለች ሚዳቋ።

ጅብ ምራቁን እያዝረበረበ ዓይኑን ሲገልጥ ከአንበሳ ዓይን ጋር ተገጣጠመ፤ እዚያው ተኮራምቶ ቀረ።

ሲወርዱ ሚዳቋ ከሁሉ ኋላ፣ በትንሹ ጠቦት እርምጃ ሄደች። ትንሹ ጠቦት የተነከሰ ጆሮውን ሲያሳይ አንበሳ ጅብን በዚያው ቀን ከአገር አባረረው። ቀበሮ፣ «እኔ ማንንም በጥርሴ አልነካሁም» ብሎ ተከራከረና ፈተናውን አለፈ። የምስክር ወረቀቱንም ተቀበለ፤ ግን ልጁን አደራ ብሎ የሚሰጠው አንድ እንኳ በግ አላገኘም።

በማግሥቱ ጠዋት እመት አህያ ሚዳቋን ጠሯት። «ትተሻቸው ሄደሽ ነበር?»

«አዎን፣ ሄጄ ነበር።»

«እንግዲያው ወድቀሻል፤ ትደግሚያለሽ» አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሚዳቋ ከግቢው ወጥታ ሜዳውን ስትዞር ዋለች። የትንሹ ጠቦት እናት ፈልጋ አገኘቻት።

«ልጄ ሁሉን ነገረኝ» አለቻት።

«ጥዬው እንደሄድኩም?»

«እንደተመለስሽም። አሁን ቤት ተኝቷል። ሁለተኛ ስትወጪ ይዘሽው ትሄጃለሽ?»

ሚዳቋ እንባዋ መጣ። ከበጓ አጠገብ በርከክ አለችና፣ «አንቺም አብረሽን ነይ፤ ደክሞሻል» አለቻት። እስኪመሽም ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠው አወሩ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌሎችን ይዞ የሚወጣ ሰው ትልቁ ሥራው ቀድሞ መድረስ ሳይሆን፣ ልቡ ሂድ ሂድ ሲለው እንኳ አደራዎቹን ጥሎ አለመሄድ መሆኑን ነው።