«ገደማ» የተከለከለበት ቀን

በአንድ ገበያ የሚታረደውን በግ እየቆጠረ ለገዥው የሚያስታውቅ፣ ምላሱ የተሳለ ሰው ነበር። አንድ ቀን ገዥው ፊታውራሪ ሻረው አስጠሩት።

«በሁዳዴ አንድም በግ አልታረደም ትላለህ፤ በፋሲካ ሳምንት ደግሞ ሦስት መቶ። ሕዝቡ ዘንድሮ ጠግቦ ይሁን ተርቦ በዚህ እንዴት ልወቅ? ጾሙንና በዓሉን አውጣና በተራ ሳምንት ስንት እንደሚታረድ ንገረኝ።»

ሰውዬው በጣቱ ሲያሰላ ቆየና «አርባ ገደማ፣ ጌታዬ» አላቸው።

«ገደማ የሚባል ቁጥር የለም!» ብለው ጮኹ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ‹ገደማ› ያለ ሰው አሥር ጅራፍ ይቀምሳል። ቁርጡን ተናገር!»

«እሺ ጌታዬ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቀበቶዎ በሁዳዴም በፋሲካም እዚያው ቀዳዳ ላይ ነው የሚገባው?»

«ኧረ የት! በሁዳዴ ስድስተኛው ላይ ይገባል፤ በፋሲካ ግን የመጀመሪያውም አይደርስልኝ።»

«ጾምም በዓልም ባይኖርስ?»

ፊታውራሪ ሆዳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «እ... ሦስተኛው ገደማ» አሉ።

ሰውዬው እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ ይዘውት የሚዞሩት አንድ ሆድ ‹ገደማ› ካሰኘዎ፣ እኔ የአገሩን ሁሉ ሆድ እንዴት ቁርጡን ልወቅ? ለመሆኑ ለግርፋቱ ማን ይቅደም?»