ምን ስትበላ አየሃት?

አንድ ጊዜ በሰኔ መጀመሪያ አንዲት አህያ ሣር እየጋጠች ወንዝ ተሻገረች፤ ቀና ስትል ወንዙ ሞልቷል፣ ዘመዶቿም በወዲያ ማዶ ቀርተዋል። ክረምቱን ብቻዋን ከረመች። ሣሩ እንደ ልብ ነበር፤ ግን ብቻን መብላት አይጥምም፣ አህያም ብትሆን ይህን ታውቃለች። የመስቀል ወፍ ስትታይ ዝናቡ ያባራል፣ ወንዙም ይጎድላል ብላ በየማለዳው ዙሪያዋን ትቃኝ ነበር።

ከማዶ የሚያያት ቀበሮ አያ ጅቦን ጠራና፣ «አንተ ከታች መታጠፊያው ላይ ጠብቅ። ወንዙ የወሰደውን የሚተፋው እዚያ ነው። እኔ እንድትገባ አደርጋታለሁ» አለው። ከዚያም ወደ አህያዋ ተጣራ።

«እትዬ አህይት፣ እንኳን አደረሰሽ! የመስቀል ወፍ መጣች፤ ጠዋት በዓይኔ አየኋት። ወንዙም ጎድሏል፣ ጫጩት ያሻግራል።»

አህያ ደስ አላት፤ ሳታስበው አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። ከዚያ ግን ቆም አለች።

«ምን ስትበላ አየሃት?»

«የሣር ፍሬ ነዋ! ሌላ ምን ትበላለች?»

አህያ እግሯ ሥር ተመለከተች። ሣርን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ገና ለምለም ነው፣ አንዱም ፍሬ አልቋጠረም።

«እንግዲያው ሌላ ወፍ ትሆናለች። የመስቀል ወፍ ማዕድ ሳይቀርብ አትመጣም» አለችና እግሯን አወጣች።

መጠበቅ የማይሆንለት አያ ጅቦ ግን መታጠፊያውን ትቶ ከቀበሮው ኋላ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ይሰማ ነበር። «ጫጩት ካሻገረማ እኔን ምን ያስጠብቀኛል?» ብሎ ዘሎ ገባ። ወንዙ እያገላበጠ ወስዶ እዚያችው መታጠፊያ ላይ ተፋው።

«ጎድሏል አላልክም?» አለ ውሃ እያስመለሰው።

«ያልኩት እሷን፤ አንተን ማን አለህ?»

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ማለዳ አንዲት ቀይና ጥቁር ወፍ ፍሬ በያዘ ሣር ላይ ተቀምጣ ስትለቅም አህያ አየቻት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያም ሆኖ ወንዙን ሄዳ አየች። የታችኛው ድንጋይ ሁሉ ይታያል።

ቀበሮም ወፏን አይቶ ወደ ጅቡ ሮጠ። «አሁን በእውነት መጣች! አህያይቱ ልትሻገር ነው፣ ቶሎ ተነስ!»

«ደግሞ ጀመርክ?» አለ ጅቡ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ። «አንተው ሂድ። እኔ ወፍም ወንዝም በቃኝ።»

አህያ ድንጋይ እየመረጠች ቀስ ብላ ተሻገረች። ዘመዶቿ እያናፉ ተቀበሏት፤ ያን ቀን የጋጠችው ሣር ጣፈጣት።

ከዚህ የምንማረው የሚጠብቀውን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ በወሬ ተነሥቶ ወንዝ እንደማይገባ፣ ዋሾ ግን እውነት በተናገረባት ቀን እንኳ የሚሰማው እንደሚያጣ ነው።