ማማው ላይ የቀረው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። ልጄ የዝና፣ ስለ ስልክሽ ጠይቀሽኝ ስለ ገበሬ ስጀምር ዝም ብለሽ ስሚኝ፤ እኔ የማውቀው እሱን ነው። «አባ፣ ይህ ስልክ ቀኔን እየበላብኝ ነው፤ ልስበረው ወይስ ምን ላድርገው?» ነው ያልሽኝ። እሺ።

ይህ ገበሬ ከቤቱ ጀርባ ማሽላ ዘርቶ ነበር። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ የወፍ መንጋ መጣበት። እሱም እንደማንኛውም ገበሬ አራት ረጃጅም እንጨት ተከለ፤ ከላዩ ርብራብ አደረገ፤ ሣር አለበሰውና ማማ ሠራ። እዚያ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍና በጅራፍ ወፉን ሲያባርር ከረመ። ማማው ደግ ነገር ነበር። ያለ እሱ ያ ማሽላ ቤት አይገባም ነበር።

ማሽላው ታጨደ፤ ተወቃ፤ ጎተራ ገባ። ሰው ሁሉ ማማውን አፈረሰ። እሱ ግን አላፈረሰም። ከላይ ሆኖ አገሩን ማየት ለምዶ ነበር። ማን ገበያ እንደወጣ፣ የማን በሬ ከማን እርሻ እንደገባ፣ የትኞቹ ባልና ሚስት ተኳርፈው ተራርቀው እንደሚሄዱ ያያል። ጠዋት ይወጣል። ለምሳ ይወርዳል፤ የጎረሰውን ሳይውጥ ተመልሶ ይወጣል።

አንድ ቀን ጎረቤቱ በሥር ሲያልፍ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወፎቹ እንኳ ሄደዋል። አንተ ምን ትለቅማለህ?» አለው።

«ትንሽ አይቼ እወርዳለሁ» አለ።

ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ስንት ዓመት የጠበቁት የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ወሯ ገብቶ አንድ ቀን ጠዋት፣ «ወገቤን እየቆረጠኝ ነው። ዛሬ አትራቅብኝ» አለችው።

«የት እርቃለሁ? እዚሁ ጓሮ አይደለሁ?» ብሎ ወጣ።

ረፋድ ላይ ጠራችው። ድምጿን ሰማ። ግን ከወንዙ ማዶ ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው ዱላ ሊማዘዙ ነበር። «መጣሁ» አለና መጨረሻውን ለማየት ቆየ። ሰዎቹን ሌሎች መጥተው ገላገሏቸው። ከዚያ ደግሞ በመንገዱ ሠርገኛ እየዘፈነ አለፈ። በዚህ መሃል የጎረቤት ሴቶች ተጠራርተው ወደ ቤቱ ገቡ። አላያቸውም። ማማው ሩቁን ያሳያል እንጂ ርብራቡ ከሥሩ ያለውን ይጋርዳል።

በዚያ አገር ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ሠርገኛው ካለፈ በኋላ ሰውዬው እልልታ ሰማ። ቆጠረው፤ ሦስት ነው። ደስ አለው። «ሴት ልጅ ተወለደች፤ የማን ትሆን?» አለና አንገቱን አስግጎ ሩቅ ያለውን ቤት ሁሉ አንድ በአንድ ቃኘ። በየትኛውም ደጅ የሚሯሯጥ ሰው የለም።

ያዋለደችው አሮጊት ልትጠራው ወጥታ ይህን ስትሰማ ከማማው ሥር ቆመች። «ውረድ ልጄ» አለችው። «የምትፈልገው ቤት ከእግርህ ሥር ነው።»

ወረደ። ሮጦ ቤት ገባ። ሚስቱ ደክሟት ተኝታለች። አልተቆጣችውም። «ስጠራህ ሰምተኸኝ ነበር?» ብቻ አለችው።

«ሰምቼሻለሁ» አለ። መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም።

ሕፃኗን ከጎኗ አንስታ ሰጠችው። «በል እያት። ማንን ትመስላለች?»

ታቅፏት ብዙ ቆየ። ትንሿን ጆሮዋን፣ የተጨበጠውን እጇን፣ ገና ያልደረቀውን ፀጉሯን አየ። ማማው ላይ በተቀመጠበት ዘመን ሁሉ አንድን ነገር ያን ያህል ጊዜ አይቶ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ማማውን አፈረሰ። ጎረቤቱ እንጨቱን ለማገዶ ቢጠይቀው፣ «አይሆንም። ማሽላው ሲያፈራ መልሼ እተክለዋለሁ። ሲታጨድ አፈርሰዋለሁ» አለው። መጀመሪያ ሰሞን ተቸገረ። እግሩ ሳያስበው ወደ ጓሮ ይወስደዋል፤ እንጨቱ ከተነቀለበት ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ራሱን ያገኘዋል፤ ይመለሳል። በተከታዩ ዓመት እንዳለው ተከለው። ወፍ እየጠበቀም ቢሆን ከቤት ሲጠሩት ወንጭፉን ጥሎ ይወርድ ነበር። ትንሽ ማሽላ ተበላበት፤ ይሁን አለ።

የዝና፣ ስልክሽ እንደዚያ ማማ ነው። አትስበሪው። ወንድምሽ ከሩቅ የሚደውልልሽ፣ መሥሪያ ቤትሽም የሚፈልግሽ በእሱ ነው፤ ማሽላሽ ያ ነው፤ ጠብቂው። ሥራው ሲያልቅ ግን ውረጂ። ቤት ስትገቢ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪውና ክደኚው። መጀመሪያ እጅሽ ይፈልገዋል፤ ይፈልግ። የሰውን ኑሮ ስታዪ የምትውዪው ከራስሽ ቤት በላይ ተቀምጠሽ ነው። እዚሁ አይደለሁ ወይ ትያለሽ፤ የለሽም።

ትናንት ልጅሽ የወለቀ ጥርሷን በመዳፏ ይዛ ፊትሽ ቆማ ነበር። «አየሁት፣ የኔ ቆንጆ» አልሻት፤ ዓይንሽ ግን ከስልኩ አልተነሳም። እኔ አያቷ «ነይ፣ ጣሪያ ላይ እንወርውረው» ብላት እምቢ አለችኝ። እናቴ ሳታየው አልወረውርም አለች። ጥርሱ አሁንም ኪሷ ውስጥ ነው። ሂጂና አሳዪኝ በያት።