ደንባራው ሮቦትና በርጩማው

ተረት ካላችሁኝ እነሆ፣ ጆሮ ስጡኝ።

ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ቤት፣ አንድ እግሩ የላላ አሮጌ በርጩማ ይኖር ነበር። ወለሉን የሚጠርገው ክብ ሮቦት ዓይን ስላልነበረው መንገዱን የሚያገኘው እየተጋጨ ነው። በየማለዳው ከፊቱ በተገጠመው የጎማ መከላከያ የበርጩማውን እግር ጎሸም ያደርግና፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል።

«እግዜር ይመስገን። ደግሞ መጣህ፣ አንተ ደንባራ!» ይላል በርጩማው። ይቆጣ እንጂ ደስ ይለዋል፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭቶ ከወዳጁ ጋር ሰላም የተባባለ ያህል ነው።

የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አልጣሽ ግን፣ «የዕቃዬን ቀለም ልጦ ጨረሰው» ብላ ሮቦቱን አልጋ ስር ከተተችውና ባለ ዓይን አዲስ ሮቦት ገዛች። አዲሱም በርጩማውን ከሩቅ አይቶ፣ ስንዝር ያህል ርቆ ዞሮት አለፈ።

«አንተ ልጅ፣ ሰላም አይባልም እንዴ?»

«አይቼዎታለሁ እኮ። ካየሁዎት ለምን እነካዎታለሁ?»

ያ ደንባራ ሮቦት በበርጩማው ዓይን ላይ ዞረ። ለካ ያ የጠዋት ጉሽማ፣ ወደ ውጭ የሚሸሸውን እግሩን በየቀኑ ወደ ቦታው ሲመልስለት ኖሯል። ወር ሳይሞላ እግሩ ወለቀና ወደቀ። አዲሱ ሮቦት መውደቁንም አየ፤ ስንዝር ያህል ርቆ ዞሮት አለፈ።

ወይዘሮ አልጣሽ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋ ስር ከተተችው። እዚያ አንድ ለስላሳ ጎማ ገጨ።

«ይቅርታ፣ እንዴት አደርክ?» አለ በርጩማው።

«እግዜር ይመስገን» አለ አቧራ የጠገበ ድምፅ። «ደግሞ መጡ፣ ጋሼ!»