ባለ እንጆሪው ሰውዬና ጎረቤቱ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ጓሮው ውስጥ አንድ የእንጆሪ ዛፍ ያለው» አሉኝ መምሬ ልሣነወርቅ። ጥያቄዬን ጠይቄ መጨረሴ ነበር።

የጠየቅኋቸው ስለ ታላቅ እህቴ ነው። እታለም ነው የምላት። እናታችን ከሞተች በኋላ አብልታ፣ አጥባ፣ ትምህርት ቤት ልካ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሁን እኔ ደህና ትዳር ይዣለሁ፤ እሷ ግን አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች፣ ጉልበቷም ከድቷታል። በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም ምሳ ዕቃ ሞልቼ እሄዳለሁ፤ ልብስ ሳይ ለእሷ እገዛለሁ፤ ሳሙና ሳይቀር እወስድላታለሁ። ባለፈው ማክሰኞ በሩን ሳትከፍትልኝ ከውስጥ ሆና «አስካለ፣ ከእንግዲህ ባትመጪብኝ ደስ ይለኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አልከፈተችም። እንቅልፍ አጣሁ። መሥራቱም፣ መሸከሙም፣ መመላለሱም ደከመኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠብቄ «መምሬ፣ ሰጠሁ እንጂ ምን በደልኩ? እየሰጠኋት ለምን ጠላችኝ?» አልኳቸው።

መምሬ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ከሌሊት ጀምሮ ቆመው ነው ያነጉት። የሰው ጣጣ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሲመልሱም ቸኩለው አይመልሱም።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። «ቆሞ የሚሰማ ሰው ለመሄድ የቸኮለ ይመስለኛል።»

ተቀመጥኩ።

«እንጆሪ ስልሽ እሾሃሙን ቁጥቋጦ አይደለም። ዛፉን ነው፤ ቤት የሚያክለውን፣ ሰው የፈረንጅ እንጆሪ የሚለውን። ፍሬዋ የጣት ጫፍ ብታክል ነው። መጀመሪያ ትቀላለች፣ ስትበስል ትጠቁራለች። የበሰለች ዕለት ካልበላሻት በማግስቱ ተበላሽታ ነው የምታገኛት። ስትነኪያት ትፈርጣለች፤ የነካችውን ልብስ ደግሞ ብታሺው ብታሺው አትለቅም። ይሄ ዛፍ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ለአንድ ወር ያብዳል። ጠዋት ትለቅሚያለሽ፤ ማታ የለቀምሽውን ያህል ወድቆ ታገኛለሽ።

«ሰውዬው ጡረታ የወጣ፣ እጁ ሥራ የፈታ ሰው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬው መሬት ላይ ሲበሰብስ፣ ዝንብ ሲወረው አየና ልቡ ተቃጠለ። በሁለተኛው ዓመት እኔው እጨርሰዋለሁ ብሎ በላ፣ በላ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ሆዱን ይዞ ተኛ። በሦስተኛው ዓመት ነው ብልሃት የገባው። ድስት ጥዶ ስኳር ጨመረ፣ ሎሚ ጨመቀበት፣ ማንኪያ ላይ እስኪጣበቅ አማሰለና ማርማላታ አደረገው። ሌላውን ጨምቆ በወንፊት አጥልሎ ጭማቂ አደረገው። ሌላውን ሰፌድ ላይ ፀሐይ አስመታው፤ ዘቢብ መሰለ። ጥቂቱን ከማር ጋር ለውሶ ‹ለሳል ይሆናል› ብሎ አስቀመጠ። ቅጠሉን እንኳ አልተወውም፤ ጥላ ላይ አድርቆ እንደ ሻይ ያፈላው ጀመር። የተረፈውን ደግሞ ‹ወይን ይወጣዋል› ብሎ በጠርሙስ ሞልቶ፣ አፉን ግጥም አድርጎ ከድኖ አልጋ ሥር ከተተው። በስምንተኛው ቀን ፈንድቶ ግድግዳውን አለበሰው።

«ሚስቱ ‹ወይ እኔን አስወጣኝ፣ ወይ ይሄን ድስት አስወጣ› ብላዋለች። እሷም ደክሟታል። እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሮ ለቅሶ ቤት ለመሄድ አፍራለች። ቀን ታማስላለች፣ ማታ ጠርሙስ ታጥባለች። እሱ ግን አንዲት ፍሬ በከንቱ እንድትወድቅ አይፈልግም።

«ቤቱ ሲሞላ ለጎረቤት መስጠት ጀመረ። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም። ደግነቱ ላይ ነገር የለኝም።

«ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ትኖር ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት። አራት ዶሮ አላት። እንቁላሉን ሸጣ ዱቄት ትገዛለች፣ ዘይት ትገዛለች። ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ይሄን ልብ በይልኝ።

«ሰውዬው አንድ ጠዋት ትልቅ ሳህን እንጆሪ ሞልቶ በአጥሩ ላይ አቀበላት። ‹እጅዎን ይባርከው› አለችው። በማግስቱ ሳህኑ ታጥቦ ተመለሰ፤ ውስጡ አራት እንቁላል አለ። የእኛን አገር ታውቂያለሽ፣ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሰውዬው ደስ አለው። ‹ምን ዓይነት ምስጉን ሴት ናት› አለና ሁለት ጠርሙስ ማርማላታ ላከላት። ስድስት እንቁላል ተመለሰ። ጭማቂ ላከ፤ ቆሎ ተመለሰ። የደረቀውን ላከ፤ አንድ ኩባያ ሽሮ ተመለሰ። ዛፉ አላቆመም፣ ሰውዬውም አላቆመም። ጠዋት ሳህን፣ ከሰዓት ጠርሙስ፣ ማምሻውን ደግሞ ሌላ ሳህን። በሦስተኛው ሳምንት ሳህኑ ሦስት ቃሪያና ትንሽ ጨው ይዞ መጣ። ሰውዬው ቃሪያውን በምሳው በላው። ምንም አልመሰለውም።

«ሚስቱ ግን አየች። ‹አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ዕቃ አትላክባት› አለችው። ‹መልሺልኝ ብዬ መቼ ጠየቅኋት?› አላት። እውነቱን ነው፣ አልጠየቃትም። እንዲያውም አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ሆኖ ‹እህቴ፣ በሞቴ፣ ዕቃውን እንዲሁ መልሺው› ብሏታል። ‹እሺ› አለችው። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ባዶ ሳህን ማቀበሉን ግን እጇ እምቢ አላት። አንቺ ብትሆኚ ታቀብያለሽ?»

«አላቀብልም» አልኳቸው።

«አታቀብዪም። እና ሴትዮዋ መደበቅ ጀመረች። ሰውዬው ሳህን ይዞ ሲጠራት ድምፅ የለም። ጭሷ ይወጣል፣ እሷ የለችም። ደጃፏ ላይ አስቀምጦላት ይመለሳል። በማግስቱ ሌላ ያስቀምጣል። ሆድ ባሰው። መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያቆመ ‹ሰጠሁ እንጂ ምን በደልኩ?› ይል ጀመር። አሁን አንቺ እንዳልሽው።»

ቀና ብለው አላዩኝም። ጉልበታቸውን ማሸት ቀጠሉ።

«በአራተኛው ሳምንት፣ እሑድ ቀን፣ ሴትዮዋ ራሷ መጣች። ደጃፏ ላይ የተከማቸውን ዕቃ በሙሉ አጥባ፣ በሳፋ ተሸክማ ነው የመጣችው። ከላይ ክዳን ያለው ጎድጓዳ ሳህን አለ። ‹ዕቃዎን አዘገየሁብዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ› አለችና ቁጭ ሳትል ሄደች። ክዳኑን ሲከፍቱት ዶሮ ወጥ ነው። ሰውዬው ደስ ብሎት አንድ ሁለቴ ጎረሰ። ሚስቱ የቆረሰችውን መልሳ አስቀመጠች። ‹ይቺ እኮ የቀረቻት ዶሮ ናት› አለች።

«‹የቷ የቀረቻት?› አላት።

«‹ሦስቱን ተራ በተራ ይዛ ገበያ ስትወጣ አላየህም? እንቁላሉን አንተ ስትበላው ዱቄቱን በምን ትግዛው?›

«ሰውዬው ተነስቶ እጁን ታጠበ። ደግሞ ታጠበ። ከዚያ ኮቱን አንስቶ ‹አራት ዶሮ ገዝቼላት እመጣለሁ› አለ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆመችበት። ‹አራት ዶሮ ደግሞ ልትጭንባት? እሱን በምን ትመልሰው? የቀራት አልጋዋ ነው› አለችው። ሰውዬው ኮቱን እንደያዘ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን አልለቀመም። ፍሬው ጠብ ጠብ ሲል እየሰማ ዋለ። ወር ሙሉ ሲለቅም፣ ሲያፈላ፣ ሲያደርቅ ያልተሰማው ድካም ሁሉ ያን ቀን መጣበት። ለማን ነበር ይሄ ሁሉ?

«በማግስቱ ምሳ ሳይበላ፣ ምንም ሳይዝ ሴትዮዋ ደጅ ሄዶ አንኳኳ። ድምፅ የለም። በሩ ስንጥቅ አለው፤ በዚያ እንደምታየው ያውቃል። ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳያት። ‹እህቴ፣ ምንም አልያዝኩም› አለ። ‹ሚስቴ ተቆጥታብኛለች፣ ቤት የተሠራ ነገር የለም። ርቦኛል።›

«ትንሽ ቆይታ ከፈተች።

«ቤት ያፈራው የትናንት ንፍሮ ነው። አሙቃ አቀረበችለት። በላ። ‹ጨምሪልኝ› አላት፤ ጨመረችለት። እስኪጠግብ በላ፣ ልጄ፤ ይበቃኛል ብሎ አልተግደረደረም። ለእሱ እንደዚያ መብላት ዛፉን ሙሉ ከመልቀም ይከብድ ነበር። ሴትዮዋ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስታየው ቆየችና ‹ማርማላታዎ እኮ አይበላም› አለችው። ‹ስኳሩ በዝቶ ጥርሴን ፈጀኝ። አንዱንም ጠርሙስ አልጨረስኩም።› ሰውዬው ሳቀ። እሷም ሳቀች።

«‹ታዲያ ያን ሁሉ እንጆሪ ምን ላድርገው ኖሯል?› ብሎ ጠየቃት። ወር ሙሉ ሲሰጣት ይሄን ጠይቋት አያውቅም።

«‹መሬት የወደቀውን ለዶሮዎቼ ቢተዉልኝ ይበቃኝ ነበር› አለችው። ‹እንጆሪ ሲበሉ እንቁላላቸው ይበዛል። በአጥሩ ሥር ሾልከው ሊለቅሙ ሲመጡ እርስዎ በጠጠር ያባርሯቸው ነበር። ለእኔ የሚሰጡኝን እንዳያቆሽሹብዎ።›

«ያን ጊዜ ግን ዶሮዎቹ የሉም።»

መምሬ እጃቸውን ከጉልበታቸው አነሱ። ዲያቆኑ የቅድስቱን በር ዘግቶ፣ እጅ ነስቶን አለፈ። ያለቀ መስሎኝ «ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ሰውዬው በሳምንት አንድ ቀን እሷ ቤት ምሳ ይበላ ጀመር። እሷም ስትፈልግ በጓሮ በር ገብታ በራሷ እጅ ለቅማ ትወጣለች፤ ሳህን የሚያመጣላት የለም። መልሳ ዶሮ እስክታረባ ግን ሁለት ዓመት ፈጀባት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ልጄ፣ በአንድ ወር ደግነት።»

ከዚያ ነው ዞር ብለው ያዩኝ።

«እንግዲህ ባለ እንጆሪው አንቺ ነሽ፣ አስካለ። አትቆጪ፤ ደግ ነሽ፣ እሱን ማን ይክድሻል። ያንቺ ድስት ግን አያባራም። እህትሽ ደግሞ ባዶ ዕቃ መመለስ አታውቅም። እስቲ ንገሪኝ፤ ምሳ ዕቃሽ ባዶውን ተመልሶልሽ ያውቃል?»

አሰብኩ። አያውቅም። መጀመሪያ ድፎ ዳቦ ይዞ ይመለስ ነበር። በኋላ የፈተለችውን ፈትል። ከዚያ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ብርጭቆዎች፤ ቤቷ ያሉት ብርጭቆዎች ሁለት እንደሆኑ እያወቅሁ ተቀብያለሁ። በሩን ከመዝጋቷ በፊት ምሳ ዕቃው ለመጨረሻ ጊዜ የመጣልኝ በእናታችን ነጠላ ተቋጥሮ ነው። «ያዢው፣ ላንቺ ይሁን» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ለምን ሰጠሽኝ ብዬ እንኳ አልጠየቅኋትም። ይሄን ለመምሬ እየነገርኳቸው ነጠላው ላይ ስደርስ አለቀስኩ።

«የቀረቻት ዶሮ ያቺ ነጠላ ነበረች» አሉ መምሬ ቀስ ብለው። «ከዚያ ወዲያ የምትሞላው ስታጣ በሩን ዘጋች። ጠልታሽ አይደለም። አልቆባት ነው። ድሮ አንቺ ተቀባይ ነበርሽ፣ እሷ ሰጪ። ያ ነበር ክብሯ። አንቺ እየመጣሽ፣ እየመጣሽ እሱን ወሰድሽባት። እሷም ደከማት፣ አንቺም ደከመሽ፤ ሁለታችሁም ይሉኝታ ይዟችሁ አንዳችሁም አልተናገራችሁም።»

እንባዬን ጠረግሁ። «ታዲያ ምን ይዤ ልሂድ መምሬ?» አልኳቸው።

ረጅም ተነፈሱ። «ይኸው። አሁንም ምን ይዤ ትያለሽ። ይሄን ነገር ለስንት ሰው ነግሬዋለሁ፤ ሁሉም አልቅሶ ይነሳና ገበያ ይሄዳል። ምንም አትያዢ። ነጠላውንም እመልሳለሁ እንዳትዪ፤ ሰጥታሻለች፣ ሌላ ቀን ለብሰሽው ትይሽ። ቤትሽ አትግቢ፣ ምሳ አትብዪ። ከዚህ ቀጥ ብለሽ ሂጂና ‹እታለም፣ ርቦኛል› በያት።»

«ባትከፍትልኝስ?»

ግንቡን ተደግፈው ተነሱ። ጉልበታቸው እስኪጸናላቸው ትንሽ ቆሙ።

«ካልከፈተችልሽ ደጇ ላይ ተቀመጪ» አሉኝ። «ከአፏ ነጥቃ ያጎረሰችሽ ሴት ናት። አንቺ ርቦሽ ደጇ ላይ መቀመጥሽን እያወቀች ዝም ብላ መዋል ከቻለች፣ ያን ጊዜ ‹ጠላችኝ› ብለሽ ወደ እኔ ተመለሺ።»